የሚጠበቅ የትምህርት ዘመን

ሥራው የደረሰኝ በሰው መጉደል ነው። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት በጀቱ ተቆርጦ ብዙ ባልደረቦቼ ሲሰናበቱ፣ የቀረነው የሄዱትን ሥራ ተከፋፈልነው። ለእኔ ከደረሱኝ አንዱ ከምኖርባት ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ ጋር ምንም የማይገናኝ ነበር። የሁለት ትንንሽ አገሮች ወንዶች ልጆች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ይቆያሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ አወዳድሬ ሪፖርት እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አንዷ ደሴት ናት። ሌላዋ በተራሮች መካከል የተሸጎጠች፣ ካርታ ላይ በአውራ ጣት ተሸፍና የምትቀር አገር ናት። ሁለቱንም ረግጬ አላውቅም።

ያኔ የምኖረው ንያኩሮን በሚባል የጁባ ሰፈር፣ ማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ደቡብ ሱዳናዊት ናት። በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ ገባች፣ እዚያው ተምራ አደገች፣ አዲስ አበባም ጥቂት ዓመት ሠርታ ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አያንስም። ስትደነግጥ "በማርያም!" ትላለች፤ ስትናደድ ግን ወደ ጁባ ዓረብኛ ትሻገራለች፣ ያኔ ዞር ማለት ነው የሚሻለው። ባሏን ወባ ነጥቋታል። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማው ነበር። ቀጭን፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደ ረጅም ልጅ። ሲኒየር ሦስት ይማራል፤ እኛ አሥራ አንደኛ ክፍል የምንለው ነው። ትምህርት ቤቱ ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት በሚባል ሰፈር ነበር። ንያኩሮን አጠገብ ሌላ ትምህርት ቤት ሳይጠፋ ያን ያህል መንገድ የሚሄደው ጎበዝ የፊዚክስ አስተማሪ እዚያ አለ ተብሎ ነው። አማርኛን ከእናቱ አፍ ስለተማረ "እርስዎ" የሚባል አያውቅም። እኔን "አክስቴ፣ አንቺ" ነበር የሚለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ከሰንጠረዡ ጋር ስታገል መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

"አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አንድ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቢጀምር፣ ነገሩ ሁሉ ዛሬ እንዳለው ከቀጠለ፣ ስንት ዓመት ይማራል ተብሎ እንደሚጠበቅ የሚያሳይ ነው።"

"ዛሬ እንዳለው ከቀጠለ?" ቃሉን አላመጠው። "ለእኔ አስልተሽ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?"

"ለአንድ ሰው አይሠራም። ለአገር ነው።"

"እሺ፣ የኛ አገርስ?"

ሌላ ገጽ ከፍቼ አሳየሁት። በያዝኩት መረጃ ውስጥ የእሱ አገር ስም አለ፣ ከፊቱ ያለው ሳጥን ግን ባዶ ነው።

"ባዶ ማለት ዜሮ ነው?"

"አይደለም። ባዶ ማለት አናውቅም ማለት ነው።"

ሳጥኑን አየውና፣ "ከዜሮ ይሻላል" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ ከዜሮ የሚብስ ነገር መኖሩን አላሰብኩም።

እናቱም ስለዚያ ሥራ ሰምታ ጠይቃኛለች። አንድ ከሰዓት ባሚያ እየከተፈች፣ "እነዚያ ሁለቱ አገሮች ጦርነት አለባቸው እንዴ?" አለችኝ።

"የለባቸውም።"

"ታዲያ ወንዶቹ ለምን አይጨርሱም?"

"አንዳንዱ ከአባቱ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ይወጣል። አንዳንዱ ድንበር ተሻግሮ ሥራ ይገባል። ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ቶሎ ነው የሚያቋርጡት።"

"እናቶቻቸውስ ዝም ይላሉ?"

"እናቶቻቸው ምን እንደሚሉ አልተጻፈም።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "የኔው ይጨርሳል" አለች። "እኔ ስደተኛ ሆኜ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ። እሱ በአገሩ ሆኖ እንዴት ያቅተዋል?"

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው ወደብ የወረድኩት። ድርጅታችን የመማሪያ መጻሕፍትና ደብተር በጭነት ጀልባ በወንዙ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማላካል ከተማ ይልክ ነበር፣ ጭነት የሚቆጣጠረው ሰውም ከተሰናበቱት አንዱ ስለሆነ እኔ ሄጄ እንድከታተል ተባልኩ። የጁባ ወደብ ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ የወንዝ ዳር ነው፤ ጭቃ፣ ኮንቴይነር፣ የዛጉ ጀልባዎች፣ ከጀልባ ወደ መሬት የተዘረጋ ሳንቃ። ፀሐይዋ ከላይም ከውሃውም ትፋጃለች። ጫኝና አውራጆቹ ጆንያ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ካርቶኖቹን በጀርባቸው እያዘሉ በሳንቃው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ከመካከላቸው አንዱ ሳንቃው ጫፍ ላይ ሲደርስ በር እንደሚገባ ሰው ጎንበስ አለ። ጎንበስ አባባሉን አወቅኩት። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የተሸከመው እኔ የፈረምኩባቸውን መጻሕፍት ነበር።

ሸክሙን አራግፎ መጣ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ያርገበግበዋል።

"አክስቴ፣ ለእማ እንዳትነግሪያት።"

"ትምህርት ቤትስ?"

"ካላስ" አለኝ። በጁባ ዓረብኛ አለቀ፣ በቃ ማለት ነው። "የሒሳቡ አስተማሪ ዩጋንዳ ሄደ። የባዮሎጂው ከገና ወዲህ አልታየም። የፊዚክሱ ደግሞ ያውልሽ።"

የጠቆመኝን አየሁ። ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው፣ ሸሚዙን አውልቆ ወገቡ ላይ አስሮ፣ የዱቄት ጆንያ እንዲያሸክሙት ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል።

በእረፍት ሰዓት ሁለቱም ኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እኔም ሄድኩ። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ነበር ያናገረኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው።

"ትምህርት ቤቱን አልተውኩትም። ሲሆንልኝ እሄዳለሁ። ደመወዝ ግን ከመጣ ወራት አለፉት፣ ልጆቼ ደግሞ በየቀኑ ይርባቸዋል።"

"እሱንስ ለምን አመጣኸው?"

"እኔ አላመጣሁትም። ተከትሎኝ መጣ። እኔ የት እንደምውል ሲያይ፣ ተምሬ የምደርሰው እዚህ ከሆነ አሁኑኑ ልጀምር አለኝ።" ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። "ምን ብዬ ልመልስለት? አንቺ ምን ትይው ነበር?"

የጀልባው አዛዥ ሲጮህ ሁለቱም ተነስተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ለእናቱ ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም፤ በየቀኑ የዩኒፎርሙን ሸሚዝ አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ እያየሁ እንዴት ልችል? መጀመሪያ አላመነችኝም። ማታ እንደ ወትሮው ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። እጁን ያዘችና መዳፉን ገለበጠችው። ቆዳው ተልጦ፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀልቷል። እሱ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ወደ ቤት ገብታ ዘይት ይዛ መጣች፣ ቁጭ አድርጋ መዳፎቹን ስታሸው አመሸች። ብትጮህበት ይሻል ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ብቻውን ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። ጨዋ ሰው ነው፣ ተነስቶ ወንበሩን ለእሷ ለቀቀላት።

"ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም" አለን። "በሩ ክፍት ነው፣ ደወሉም ይደወላል። አስተማሪ ነው የሌለው።"

ስንወጣ በሲኒየር ሦስት ክፍል መስኮት በኩል አየን። ወንዶቹ በቁጥር ከሴቶቹ በጣም ያንሳሉ። ሰሌዳው ላይ ድሮ የተጻፈ የፊዚክስ ቀመር ግማሹ ጠፍቶ ቀርቷል፤ አንዲት ልጅ እሱን ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ሌሎቹ ክንዳቸው ላይ ተደፍተዋል።

"ምን እየጠበቁ ነው?" አለች አከራዬ።

"አስተማሪ" አለ ርዕሰ መምህሩ።

ድልድዩን ስንሻገር ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ እንዳለን ድንገት እጄን ጭምቅ አደረገችኝ። "ጋምቤላ እልከዋለሁ። እህቴ እዚያ አለች። እኔን ያስተማረች አገር እሱን አታባርረውም።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ሆነ። እኔ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ እየደወልኩ ምን ምን እንደሚያስፈልግ አጠያየቅኩ። እሷ ፓስፖርት ለማውጣት መሥሪያ ቤት ተመላለሰች። በሄደች ቁጥር የሚሰጧት መልስ አንድ ነው፦ "ቡክራ።" ነገ ማለት ነው። ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቡክራ አለ።

በዚያው ሰሞን በአገሪቱ ሰሜን የነበረው ውጊያ እየባሰ መሄዱ ይወራ ጀመር። ከገበያም ከመንገድም ወጣት ወንዶችን ለውትድርና አፍሰው ይወስዳሉ እየተባለ እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ያዙ። የእኛም ልጅ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ከማንጎው ዛፍ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ማንጎው ዛፍ ይመላለሳል። ፊዚክስ የለ፣ ወደብ የለ። አንድ ቀን፣ "አክስቴ፣ አሁን እኔ ተማሪ ነኝ ወይስ ሠራተኛ?" አለኝ። "ተማሪ ነህ እንጂ" አልኩት። "ተማሪ የሚማር ነው" አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

አንድ ጠዋት አልጋው ባዶውን ተገኘ። ስንሯሯጥ ስልኳ ጮኸ። ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

"እማ፣ አትደንግጪ። ጀልባ ላይ ነኝ፣ ጫኝ ጎድሏቸው ነው። ማላካል ደርሼ እመለሳለሁ። ስመለስ ፓስፖርቱ ይደርሳል።"

"ውረድ! አሁኑኑ ውረድ!"

"እማ፣ ወንዙ መሃል ነን እኮ።"

ከቀናት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ደወለ። ዳር ዳሩን ሣር ብቻ መሆኑን፣ ዓሣ መብላታቸውን፣ አንድ ሕፃን ከወንዙ ዳር ሆኖ እጁን እንዳወዛወዘለት ነገራት። ደስ ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

እሷ በየቀኑ ወደብ መውረድ ጀመረች። ከሰሜን የመጣ ጀልባ ሁሉ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። አስተማሪው እዚያው ይሠራል፤ ጆንያውን አውርዶ አብሯት ይጠይቅላታል፣ ከማታውቀው ቋንቋ ያስተረጉምላታል። መጀመሪያ ልታየው አልፈለገችም ነበር። በኋላ ግን ከቤት ምግብ ቋጥራ ትወስድለት ጀመር።

የእኔም ሪፖርት ቀኑ ደረሰ። በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆኖ የሚያዘኝ አለቃ ሥራውን አየና፣ "የሁለቱ አገሮች ልዩነት ትንሽ ነው፤ ወንዶቹ ለምን እንደሚያቋርጡ በአንድ አንቀጽ ብቻ አስረጂ" አለኝ። ያን አንቀጽ ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። "የቤተሰብ የኑሮ ጫና" ብዬ ጻፍኩ። "የአስተማሪዎች እጥረት" ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ስለዚያች ደሴት ልጆች ስጽፍ የሚታየኝ የተላጠ መዳፍ ነበር፤ እዚያም ምናልባት አንዲት እናት ባሕር ዳር ቆማ ጀልባ ትጠብቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ስለሷ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ የት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ልጻፋት? ላክሁት። "ጥሩ ሥራ ነው፣ ግልጽና አጭር" የሚል መልስ መጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ልጁ የሄደባት ጀልባ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመለሰች። ያን ቀን እኔም ወደብ ነበርኩ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ፊቱ በድካም የጠቆረ ሰው፣ አከራዬን ሲያይ ማን እንደሆነች ሳትነግረው አወቀ፤ ልጁ ቁርጥ እሷን ነው። አስተማሪው መሃል ቆሞ አስተረጎመ።

"ማላካል ሳንደርስ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከዳር ሆነው አስቆሙን። ወጣት ወጣቱን ውረድ አሉት።"

"የማን ሰዎች ናቸው?"

"እናቴ፣ ይሄ አይጠየቅም። ልጆቹ ሲወርዱ ግማሾቹ ወደ ሸምበቆው ሮጡ። ተኩስ ነበር። ግማሾቹን ወሰዷቸው።"

"የኔውስ? ሮጠ ወይስ ተወሰደ?"

ሰውየው አስተማሪውን አየ፣ እኔን አየኝ። "ማሌሽ" አላት፣ ይቅርታ እንደማለት ነው። "ወለሉ ላይ ተኝተን ነበር። አላየሁም።"

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እኔና አስተማሪው በሁለት ጎን ቆምን። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ባሌን በእጄ ቀብሬዋለሁ፤ አልቅሼለታለሁ፣ ወጥቶልኛል። ይሄኛውን ምን ላድርገው? ላልቅስለት ወይስ ልጠብቀው?"

ሳምንት ሳይሞላ ከፓስፖርት መሥሪያ ቤት ተደወለላት፤ ደርሷል፣ ኑና ውሰዱ ተባለች። አብረን ሄድን። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ፓስፖርቱን ገልጣ ፎቶውን አየችና፣ "ባለቤቱ ራሱ ነው መፈረም ያለበት፣ ነገ ይምጣ" አለች። አከራዬ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ፎቶውን ብቻ ታያለች። እኔ ልለምን ብሞክር ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ፎቶውን እንኳ ሳይሰጡን ወጣን።

እሷ ግን "ሮጧል" በሚለው ነገር ላይ ተንጠለጠለች። ከዚያ አካባቢ የሚሸሽ ሰው ወደ ምሥራቅ ሄዶ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ይገባል፤ እሷም በልጅነቷ የገባችው በዚያ ነው። ግቢውን ለባሏ ወንድም አስረክባ በአዲስ አበባ በኩል ልትሄድ ተነሳች። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት ሻንጣዋ ውስጥ የእሷ ልብስ ጥቂት ነበር፤ የሞላው የልጁ ሱሪና ጫማ ነው። "አድጎ ይሆናል፣ ጫማው ይጠበው ይሆን?" አለችኝ። የምትጠይቀኝ ከልቧ ነው። "ሰፊ ነው፣ ይሆነዋል" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የማውቀው በስልክ የነገረችኝን ነው። ከአንዱ የስደተኛ መጠለያ ወደ ሌላው ትዞራለች። "ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ልጅ ብዬ ስጠይቅ ይስቁብኛል" አለችኝ አንድ ቀን። "እዚህ ማን ያልረዘመ አለ?" በሳቅ ጀምራ መጨረስ አቃታት።

አንድ ጊዜ በልጇ ስም የሚጠራ ልጅ ክሊኒክ ተኝቷል ብለዋት በሌሊት መኪና ሄደች። የእሷ አልነበረም። ያንሳል፣ እግሩ ቆስሏል፣ ከቤተሰቡ ማንም አብሮት የለም። እንዴት ጥላው ትሂድ? እስኪድን አስታመመችው፣ እህቷ ቤት ወሰደችው፣ የልጇን ጫማ አደረገችለት። ከዚያ ትምህርት ቤት አስመዘገበችው። "ዘጠነኛ ክፍል ገባ" ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ሰማሁ። "ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሙን እተኩስለታለሁ። አንዳንዴ ከኋላው ሳየው..." ብላ አቋረጠች።

ይህ ልጅ የቆየው ጥቂት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። ነግሯት ነው የሄደው፤ ጫማውን መልሶላት፣ እጇን ስሞ። ይህን የነገረችኝ ባለፈው እሁድ ነው። እኔ ጁባ ውስጥ ሌላ ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት፣ ሥራዬም እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም።

"አልተቆጣሽውም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? ታናናሽ እህቶች አሉኝ፣ ሌላ ካምፕ ውስጥ ናቸው አለ። ትምህርቱን ቆይቼ እቀጥላለሁ አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። የኔው ደግሞ ወርቁ ጋ ካለ እንዲያይልኝ ፎቶውን ሰጥቼዋለሁ።"

ከበስተጀርባዋ የሰው ጫጫታና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። የሆነ ሰው በስሟ ጠራት።

"ስሚኝማ" አለችኝ፣ "በድንበሩ በኩል ትናንት አዲስ ሰዎች ገብተዋል አሉ። መኪናው ሊነሳ ነው። ልሂድ።"